ያልተጫረው ምልክት

በጉርድ ሾላ ከዋናው ጎዳና ገባ ብሎ በቆርቆሮ የታጠረ አንድ ጋራዥ አለ። በበሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ከደበዘዘ ቆይቷል፤ ደንበኞቹም የሚለዩት በጽሑፉ ሳይሆን በተቃጠለ ዘይትና በብየዳ ጢስ ሽታው ነው። ወደዚህ ግቢ በአንድ የጥቅምት ማለዳ ያረጀች ነጭ ፒክአፕ ገብታ ቆመች። ከመሪው ጀርባ የወረዱት ሽማግሌ በሩን ቀስ አድርገው ዘጉና እጃቸውን በኮፋኖው ላይ አሳረፉ፤ የታመመ ከብት ወደ ሐኪም ያመጣ ሰው እንደሚያደርገው።

እኚህ ሰው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 38 ዓመት ፊዚክስ ያስተማሩ መምህር ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ኑሯቸውን የሚደጉሙት በዚህችው መኪና ነው። መኪናዋ በ1981 ዓ.ም. ገደማ ከፋብሪካ የወጣች፣ በናፍጣ የምትሠራ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል ቶዮታ ሃይሉክስ ስትሆን፣ አንድ መሥሪያ ቤት አገልግሎቷን ጨርሳለች ብሎ በጨረታ ሲሸጣት ነበር የገዟት። በየማለዳው ወደ ሰንዳፋ ትወጣለች፤ ከገበሬዎች የተሰበሰበውን ወተት በቢዶን ጭና በለገጣፎና በካራ አድርጋ፣ ኮተቤን አልፋ ትመለሳለች። በእርሷ መሄድና መመለስ የሚተዳደረው የመምህሩ ቤት ብቻ አይደለም፤ ወተቱን የሚያቀርቡት ቤተሰቦችም ዓይናቸው በመንገዱ ላይ ነው።

ችግሩ የጀመረው በክረምቱ መግቢያ ነበር። መኪናዋ በሰዓት እስከ 60 ኪሎ ሜትር ድረስ እንደ ወትሮዋ ትሄዳለች። 70 ስታልፍ ግን ከወለሉ ሥር አንዳች ነገር ይነሣል፤ መጀመሪያ እንደ ሹክሹክታ፣ ኋላ እንደ ማጉረምረም። 80 ስትደርስ በመስተዋቱ ውስጥ የሚታየው መንገድ ይደበዝዛል፤ የቢዶኖቹ ክዳን ይንኳኳል፤ የመምህሩ መነጽር ከአፍንጫቸው ላይ ይንሸራተታል። የሰፈሩ ሰው ነገሩን ቀልድ አደረገው፤ «የመምህሩ ወተት ጉርድ ሾላ ሳይደርስ ቅቤ ይወጣዋል» ተባለ። መምህሩም ከሰው ጋር ሳቁ፤ ማታ ቤታቸው ሲገቡ ግን አልሳቁም።

መፍትሔ ፍለጋው የተጀመረው ሁሉም ሰው ከሚጀምርበት፣ ከጎማው ነው። ጎሚስታው አራቱንም ጎማዎች በማሽን ላይ አሽከርክሮ በቸርኬዎቹ ጠርዝ ላይ እርሳስ ለጠፈ። ንዝረቱ አልጠፋም። ሁለት አዲስ ጎማ ተገዛ፤ አልጠፋም። አንድ ጋራዥ የመሪውን ቴስቲናዎች ለወጠ፤ ሌላው ሞተሩ የተቀመጠባቸውን ላስቲኮች «አልቀዋል» ብሎ አዲስ አስገባ። እያንዳንዱ ዕቃ በእርግጥም ያረጀ ነበርና ማንም ዋሸ አይባልም። ዳሩ ግን ዕቃ መለዋወጥና መጠገን አንድ አይደለም። ሐኪም የታካሚውን ልብስ በሙሉ ቢያስቀይር፣ አዲስ ልብስ የለበሰ በሽተኛ ያገኛል እንጂ በሽታውን አያገኘውም። በዚህ ዓይነት ከሦስት ወር የጡረታ አበል የሚበልጥ ገንዘብ ወጣ።

መምህሩን ይበልጥ የሚቆጫቸው ግን ገንዘቡ አልነበረም። በሚሽከረከር ነገር ላይ ሚዛን የሚያዛባ ጥቂት ክብደት ሲኖር የሚፈጠረው ኃይል በፍጥነቱ ካሬ መጠን እንደሚያድግ ለስንት ትውልድ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈዋል። አስልተውትም ነበር። በቸርኬው ጠርዝ ላይ 20 ግራም ብቻ ቢዛባ፣ መኪናዋ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስትሄድ ያ ኢምንት ክብደት ጎማውን በ1.5 ኪሎ ግራም ሸክም ልክ፣ በሰከንድ ወደ 10 ጊዜ ያህል ዙሪያውን እየተሽከረከረ ይጎትተዋል፤ በ40 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ግን የዚህ ሩብ ነው። «ንዝረቱ ከ70 በኋላ የሚታወቀው ስለዚህ ነው» ብለው ጎሚስታውን ሦስት ጊዜ መልሰው አስለፉት። ስሌቱ ትክክል ነው። ስሕተቱ ስሌቱ በቀረበበት ጥያቄ ላይ ነበር፤ ለመሆኑ የሚንቀጠቀጠው ጎማው ነውን ብለው አስቀድመው አልጠየቁምና።

በዚህ መካከል ደላላ መጣ። ያገለገሉ መኪኖችን ወደ አገር ማስገባት በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 እጅግ ከብዷል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑ ተነግሯል። ከዚህ በኋላ በእጅ ያለ አሮጌ መኪና ፈላጊ አያጣም። ደላላው ገዢ አመጣ፤ ዋጋው ተቆረጠ፤ ለቅዳሜ ተቀጠረ።

«አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት፣ ጋሼ» አለ ደላላው ሲሰናበት። «ሰውዬው ሲሞክራት ዋናው መንገድ ላይ እንዳያወጧት። እዚሁ ሰፈር ውስጥ ያሽከርክር፤ ከ60 በላይ እንዳይረግጥ።»

መምህሩ አልመለሱለትም። ዕድሜ ልካቸውን በፈተና ላይ የሚኮርጅ ተማሪ ይዘው ሲያስወጡ የኖሩ ሰው ናቸውና ሌሊቱን ሲገላበጡ አደሩ። በማለዳው ወደ ጉርድ ሾላው ጋራዥ የመጡት መኪናዋን ለማዳን ተስፋ አድርገው አይደለም፤ ቢያንስ የበሽታዋን ስም አውቀው ለገዢው ሊነግሩት ነበር።

መካኒኩ በሃምሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ቃል የማያበዛ ሰው ነው። መኪናዋን ለዓመታት ያውቃታል፤ እጁ ያላረፈበት ክፍሏ ጥቂት ነው። በሰኔ ማብቂያ በቤተሰብ ጉዳይ ወደ አገር ቤት ወርዶ ክረምቱን በዚያው ስለ ቆየ ነበር መምህሩ ሌላ በር ለማንኳኳት የተገደዱት። የሆነውን ሁሉ ሲነግሩት አቀርቅሮ አዳመጠ። ኮፋኖውን አልከፈተም፤ ቁልፍም አላነሣም።

«ጋሼ፣ ሲንቀጠቀጥ የሚሰማዎት በእጅዎ ነው ወይስ በመቀመጫዎ?» አለ።

መምህሩ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱና ዝም አሉ። ክረምቱን ሙሉ አብሯቸው የከረመውን ነገር እንዲህ ብለው ለይተውት አያውቁም።

«በመቀመጫዬ» አሉ ቆይተው። «መሪው እንኳ ደኅና ነው።»

«ቆማ ሞተሩን ሲያስጮኹትስ?»

«ያን ጊዜ ምንም የለም።»

«እንግዲያው እንውጣ።»

በኮተቤ በኩል ወጡ። በግራቸው ከእንጦጦ ሰንሰለት ጋር የተያያዘው የየካ ተራራ ባሕር ዛፉን ለብሶ ተዘርግቷል። ካራን አልፈው የለገጣፎው መንገድ ሲከፈትላቸው መሪውን የያዘው መካኒክ 80 አደረሳት። ማጉረምረሙ መጣ። እግሩን ከነዳጁ ላይ ሲያነሣ ድምፁ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ቀጥሎ ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሹን አወጣና መኪናዋ በራሷ ግፊት እንድትንሸራተት ተዋት፤ ሞተሩ ዝቅ ብሎ በቀስታ ይሠራል፣ ማጉረምረሙ ግን አሁንም አለ። በዚህች አንዲት ሙከራ ሞተሩና ፍሪሲዮኑ ከተጠርጣሪነት ነጻ ወጡ፤ ሞተሩ ጋብ ብሎ ሳለ የሚቀጥል ንዝረት የሚከተለው የመኪናውን ፍጥነት ነውና። መሪው በመካኒኩ እጅ ውስጥ ጸጥ ማለቱ የፊቶቹን ጎማዎች ነጻ አወጣ። ፍሬን ሲይዝም የተለወጠ ነገር አልነበረም። የቀረው ከካምቢዮው እስከ ኋላ ጎማዎች ያለው መሥመር ብቻ ነበር።

ሲመለሱ መሪውን ለመምህሩ ለቀቀላቸው። እርሱ ጎንበስ ብሎ መዳፉን ከማርሹ ዘንግ አጠገብ በወለሉ ላይ አሳረፈና ዓይኑን ጨፈነ።

«ጎማ ቢሆን እንደ ከበሮ ይመታ ነበር» አለ። «ይህ ግን ንብ ነው።»

መምህሩ በልባቸው አሰሉ። በዚህ ፍጥነት ጎማው በሰከንድ ወደ 10 ጊዜ ይዞራል። ከካምቢዮው ወደ ኋላው ዲፈረንሻል ኃይል የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ ግን ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ከአራት ጊዜ በላይ ስለሚዞር፣ ዙሩ በሰከንድ ከ40 ያልፋል። ከበሮና ንብ ማለት ይህ ነው። ለዚህ ዓይነት ልኬት የሚሆን መሣሪያ ለቤተ ሙከራቸው ለዓመታት ጠይቀው ሳያገኙ ነው ጡረታ የወጡት፤ ይህ ሰው ግን በመዳፉ ይዞት ይዞራል።

ጋራዡ እንደ ደረሱ መኪናዋ ከጉድጓዱ በላይ ቆመች፤ መካኒኩም መብራት ይዞ ገባ፤ ሁለት ተለማማጆች ተከተሉት። ከላይ ሆኖ ለሚያዳምጥ ሰው ከጉድጓድ የሚወጣው ቋንቋ የአማርኛ ሰዋስው ይዞ የጣልያንኛ ስም የሚጠራ ነው። ባሌስትራ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ካቻቪቴ፦ እነዚህ ቃላት በአስመራ ጋራዦችና ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የወረራ ዘመን ከመጡት መካኒኮች እጅ ከመሣሪያው ጋር አብረው የተላለፉ ናቸው። ቤንትሌ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. መኪና ነድቶ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ከተማ በገባ ጊዜ ለመኪና ክፍሎች የአማርኛ ስም አልነበረም፤ ጣልያን ሲወጣ ደግሞ ስሞቹ በሠራተኛው አፍ ቀሩ። ወራሪው ሄደ፤ ካቻቪቴው ግን ሀበሻ ሆነ። እነዚህን ቃላት ከቋንቋው ለማጽዳት የሚሹ ሰዎች አስቀድመው አንድ ቀን በጉድጓድ ውስጥ ቢውሉ መልካም ነበር፤ ብርሃን በሌለበት፣ እጅ በዘይት በተነከረበት ቦታ ተለማማጁ የሚያቀብለው ቃሉ እንደ ዕቃው ጠንካራ ሲሆን ነውና።

ከነዚህ አንዱ ክሮቼራ ነው። በመስቀል ቅርጽ የተሠራ፣ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ብረት ሲሆን፣ በዘንጉ ሁለት ጫፎች አንዳንድ አለ። የመስቀሉ አራት ክንዶች በሁለት ሹካ መሰል ብረቶች ውስጥ ይገቡና ዘንጉ እየዞረም እንዲተጣጠፍ ያስችሉታል። መተጣጠፉ ግድ ነው፤ ካምቢዮው በሻንሲው ላይ ታስሮ ሲቀመጥ፣ ዲፈረንሻሉ ግን በባሌስትራው ላይ ሆኖ ከመንገዱ ጋር ይወጣል ይወርዳልና። ፈረንጆች መገጣጠሚያውን በኢጣሊያዊው ሊቅ በጂሮላሞ ካርዳኖ ስም ካርዳን ይሉታል፤ ካርዳኖ እ.ኤ.አ. ከ1501 እስከ 1576 የኖረ ሰው ነው። ጠባዩን አጥብቆ የመረመረው ግን በ17ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው እንግሊዛዊ ሮበርት ሁክ ነው።

ጠባዩም እንዲህ ነው። ዘመም ብሎ የሚዞር ክሮቼራ እኩል አያዞርም፤ በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜም ይዘገያል። መድኃኒቱ ሁለተኛው ክሮቼራ ነው፤ በዘንጉ ሁለት ጫፎች ያሉት ሹካዎች በአንድ አቅጣጫ ከተሰለፉና የሁለቱ ዘመምታ እኩል ከሆነ፣ አንዱ ያፈጠነውን ሌላው ያዘገየዋል፤ ወደ ጎማው የሚደርሰውም ለስላሳ ዙር ይሆናል። ሰልፉ ከተዛባ ግን መጠፋፋቱ ይቀርና ዘንጉ በያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ዲፈረንሻሉን ይነቀንቃል፤ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይህ በሰከንድ ከ80 ጊዜ በላይ መሆኑ ነው።

መካኒኩ ክሮቼራዎቹን አንድ በአንድ ይዞ ነቀነቃቸው። ክፍተት የላቸውም፤ ግሪሳቸውም ንጹሕ ነው፤ ገና አዲስ ናቸው። መብራቱን በዘንጉ ርዝመት አሳለፈና ዓይኑን ከአንደኛው ጫፍ ወደ ሌላው ላከ። ከዚያም ዝም አለ።

ዝምታው ስለ ረዘመ ትንሹ ተለማማጅ «ምን አገኘህ፣ ጋሼ?» አለ።

ሹካዎቹ አልተሰለፉም። ዘንጉ እንደ መንገዱ ሊረዝምና ሊያጥር ስለሚገባው በመካከሉ ጥርስ ያለው ብረት ጥርስ ባለው ቀፎ ውስጥ ገብቶ ይንሸራተታል። ወጥመዱ ያለው እዚህ ነው፤ ጥርሶቹ በየትኛውም አኳኋን ይገጥማሉ። ዘንጉን የሚፈታ ሰው ከመለያየቱ በፊት በሁለቱም ወገን በአንድ መሥመር ላይ ምልክት ይጭራል፤ ሲመልስም ምልክትን ከምልክት ያገጥማል። ይህን የዘነጋ ሰው አንድና ሁለት ጥርስ ቢያዛባ ብረቱ ያን ጊዜ አይከሰውም፤ ቡሎኑ ይጠብቃል፣ መኪናው ይነሣል፣ ሰፈር ውስጥም ያለ እንከን ይሄዳል። በዚህ ዘንግ ላይ ምልክት የለም።

ክሮቼራዎቹን በሰኔ ማብቂያ የቀየራቸው ይኸው መካኒክ ነበር። ዝናብ በቆርቆሮው ላይ እየወረደ፣ መብራት ጠፍቶ፣ በማግስቱ ሊነሣ ልቡ አገር ቤት ደርሶ፣ ለእያንዳንዱ ተለማማጅ በመጀመሪያው ወር የሚያስተምረውን ነገር እርሱ ራሱ ዘለለው።

ለማምለጥ የሚፈልግ ሰው ቢሆን ቀዳዳው ሰፊ ነበር። ከእርሱ በኋላ ሦስት እጅ ገብቶባታል፤ «የነካካት ሌላ ነው» ቢል የሚጠራጠረው አልነበረም። ወይም ዝም ብሎ ዘንጉን አስተካክሎ፣ «አገኘሁት» ብሎ፣ ተከብሮና ተከፍሎት መመለስ ይችላል። ከጉድጓዱ ሲወጣ እጁን በጨርቅ ረዘም ላለ ጊዜ ጠረገ።

«ጋሼ፣ ይህን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አለ። «በሰኔ ስገጥመው አጣምሜ መለስኩት። ጎማውም ቴስቲናውም ያለ ጥፋታቸው ነው የተለወጡት።»

ተለማማጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። መምህሩ የሚሉት አጡ። በአብዮቱ ዘመን በመምህራን ስብሰባ ላይ «ሂስና ግለ ሂስ» የሚባል አጀንዳ እንደ ነበር ያስታውሳሉ። አጀንዳው በሐሳቡ መልካም ነበር፤ በሥራ ላይ ግን ሂሱ የሚወረወረው ወደ ሌላው፣ ግለ ሂሱም የሚነገረው ለቃለ ጉባኤው ያህል የሆነበት ቀን ብዙ ነው። ማንም ሳይጠይቀው፣ ከእርሱ ሥራ በሚማሩ ልጆች ፊት፣ ዋጋውን ከኪሱ የሚከፍልበትን ግለ ሂስ ሲሰሙ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ከዚያም የራሳቸው ትዝ አላቸው፤ ጎሚስታውን ሦስት ጊዜ ያመላለሱት በገዛ ስሌታቸው ተመክተው ነው።

«እኔም ጎማ ነው ብዬ ክረምቱን ሙሉ ተከራክሬያለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ጨርሰውና እንየው።»

ሥራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። በዲፈረንሻሉ በኩል አራት ቡሎኖች ተፈቱ፤ ዘንጉ ወረደ፤ ጥርሶቹ በናፍጣ ታጠቡና አዲስ ግሪስ ተቀቡ። መካኒኩ ዘንጉን በሁለት ድንጋይ ላይ አስተኝቶ ሹካዎቹ እስኪሰለፉ አዞረው፤ ሁለት ጥርስ ነበር። ቀጥሎ ካቻቪቴውን ለትንሹ ተለማማጅ ሰጠና «አንተ ጫር» አለው። ልጁ በሁለቱም ወገን ጫረ፤ እጁ ስለ ተንቀጠቀጠ መሥመሩ ትንሽ ጎበጥ ብሏል፤ ማንም አላረመውም። መምህሩ ቢዶን ለመጨመር ሲሉ ያስደረቧት ተጨማሪ ባሌስትራም በዚያው ቀን ወጣች፤ የመኪናዋን ጀርባ ከፍ አድርጋ የዘንጉን ዘመምታ ያበዛችው እርሷ ነበረችና። ከእንግዲህ ሁለት ቢዶን ያነሰ ይጫናል። መምህሩ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን አጨፈገጉ፤ ግን አልተከራከሩም።

በለገጣፎ መንገድ ላይ 80 ሲደርሱ በመስተዋቱ ውስጥ ያሉት ባሕር ዛፎች ቀጥ ብለው ቆሙ። 90 ላይ ከወዲያ የሆነ ስስ መርገብገብ አለ። መካኒኩ አዳመጠና «ይኸኛው ዕድሜ ነው» አለ፤ መምህሩም ስለ የትኛቸው እንደ ተናገረ አልጠየቁትም።

የእጅ ዋጋ አልቀበልም አለ። ለጎማውና ለቴስቲናው የወጣውንም በየወሩ እከፍላለሁ ሲል መምህሩ እንቢ አሉ፤ ክርክሩ በሁለት ብርጭቆ ሻይ መካከል ረዘመና በግሪሱ ዋጋ ላይ ተቋጨ። ከዚያም ከኮታቸው ኪስ ውስጥ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ የማይለያቸውን የጠመኔ ቁራጭ አወጡና በቆርቆሮው አጥር ላይ ሁለት ሞገዶች ሣሉ፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። «ይህ ፊተኛው ክሮቼራ ነው፤ ይህ የኋለኛው» እያሉ ለተለማማጆቹ ማስረዳት ጀመሩ። መካኒኩም ብርጭቆውን እንደ ያዘ ከልጆቹ ጀርባ ቆሞ ተመለከተ። ሰላሳ ዓመት በእጁ የሚያውቀውን ነገር ሥዕሉን ሲያይ የመጀመሪያው ነበር።

«ታዲያ አንድ ጥርስ ብቻ ቢዛባስ?» ብሎ ጠየቀ።

መምህሩ ሁለተኛውን ሞገድ በመዳፋቸው አጥፍተው በጥቂቱ አሸሽተው ደግመው ሣሉት። በዚህ መካከል ስልካቸው ጠራ። ደላላው ነበር፤ ለቅዳሜው ቀጠሮ ሊያሳስባቸው፣ ስለ 60ዋም ነገር ሊደግምላቸው።

«80ም ብትሉ ትሄዳለች» አሉ መምህሩ፣ ጠመኔውን ሳያስቀምጡ። «ግን አትሸጥም።»